ውኃ ፍለጋ ወደብ የያዘችው መርከብ፦ የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሕይወት

በየቁምስናው ስለ ሀገራችን የክርስትና አጀማመር ለሕፃናት ሲነገር ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚጀምረው በማዕበል ነው። ባሕሩ ተናወጠ፥ መርከቧ ከዓለት ጋር ተጋጭታ ተሰበረች፥ ሁለት ልጆች ብቻ በስባሪ ሳንቃ ላይ ተንሳፈው ከባሕር ዳር ደረሱ ይባላል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በዚህ መልክ ቢተርኩት የሚያስወቅሳቸው አይደለም፤ ከሌላ እንዲሁ ሲተረክ ሰምተውታልና። ነገር ግን ታሪኩን በጽሑፍ ያቆየልን ሩፊኖስ የተባለው ካህን ነው፤ እርሱም የጻፈው ከሁለቱ ልጆች ከአንዱ አፍ የሰማውን ነው። በእርሱ ጽሑፍ ውስጥ ማዕበልም ዓለትም የለም። መርከቧ ደኅና ነበረች። የጎደላት ውኃና ስንቅ ነበረ።

ልዩነቱ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ማዕበል ግን ማንም የማይጠየቅበት ነገር ነው፤ ባሕርን ይቅር ማለትም ምንም አያስከፍልም። ውኃ ለመቅዳት ወደብ በያዘችው መርከብ ላይ የደረሰው ግን የሰው እጅ ሥራ ነበረ። ፍሬምናጦስ ኋላ ጳጳስ ሆኖ የተመለሰው ዘመዱንና መምህሩን ወደ ገደለችው ወደዚያችው ምድር ነው። ስለዚህ ሕይወቱን ስንተርክ ከመርከቧ ማድጋዎች ብንጀምር ተገቢ ይሆናል።

ቤተ ዘመዱ የጢሮስ ሰዎች ነበሩ። ጢሮስ ዛሬ በሊባኖስ ግዛት የምትገኝ፥ በመጽሐፍ ቅዱስም ስሟ ተደጋግሞ የሚነሣ የወደብ ከተማ ናት፤ ሕዝቧ ከጥንት ጀምሮ በመርከብ ንግድና በሐምራዊ ቀለም የታወቀ ነበረ። በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ በዚያች ከተማ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ይኖር ነበር። ይህ ሰው፥ ሜጥሮዶሮስ የተባለ ሌላ ፈላስፋ ሩቅ ሀገር ዞሮ ብዙ ነገር አይቶ መመለሱን ሰማና እርሱም ልቡ ለጉዞ ተነሣሣ። ሩፊኖስ ሀገሩን ሕንድ ይለዋል። የዚያ ዘመን የግሪክና የሮም ጸሐፊዎች ሕንድ ሲሉ ብዙ ጊዜ ከቀይ ባሕር በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ፥ የእኛንም ሀገር ጨምረው ማለታቸው ስለሆነ፥ አንባቢ በዚህ ስም እንዳይደናገር እናሳስባለን። ሜሮጵዮስ ሁለት ታናናሽ ዘመዶቹን ይዞ ሄደ፤ ታላቁ ፍሬምናጦስ፥ ታናሹ ኤዴስዮስ ይባሉ ነበር። ኤዴስዮስ በሀገራችን ትውፊት ሲድራኮስ እየተባለ ይጠራል። የወሰዳቸውም ለጉልበት ሥራ ሳይሆን እያስተማረ ሊያሳድጋቸው ነበርና፥ በጉዞ ላይ ሳሉም ትምህርታቸው አልተቋረጠም።

ጉዞው ምን ዓይነት እንደነበረ ለመረዳት ቀይ ባሕርን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ባሕር ከሌሎች ባሕሮች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ አይገባበትም። በናይል ወይም በሌላ ትልቅ ወንዝ አፍ ላይ የቆመ መርከበኛ ባልዲውን ዝቅ አድርጎ ጣፋጭ ውኃ ይቀዳል። በቀይ ባሕር ዳርቻ ግን በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ያለው አሸዋ፥ ጨውና የኮራል ድንጋይ ነው። ውኃ የሚገኘው በጥቂት ጉድጓዶችና ዝናም በሚያጠራቅሙ ጕድባዎች ብቻ ነበር፤ የእነዚህም ባለቤት በባሕሩ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ነው። ስለዚህ በዚያ ባሕር ላይ በሸራ የሚጓዝ ሁሉ፥ ነጋዴም ይሁን ፈላስፋ፥ ወደደም ጠላም በየጊዜው ከባሕሩ ዳር ሰዎች ደጅ መጥናት ነበረበት።

ሒሳቡን ማንም የቤት እመቤት ልታሰላው ትችላለች። በሰንጋ ተራም ሆነ በሌላው የከተማችን ሰፈር ውኃ ለጥቂት ቀናት ሲጠፋ ጀሪካኖች በየበረንዳው ይደረደራሉ፤ አንዱ ጀሪካን ስንት ቀን እንደሚያደርስ እናቶቻችን ሳይጽፉ ያውቁታል። እንግዲህ በመርከቧ ላይ ሃያ አምስት ሰዎች ነበሩ ብለን ለምሳሌ ያህል እናስብ። በዚያ ሙቀት አንድ ሰው ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ብቻ በቀን 4 ሊትር ቢደርሰው፥ መታጠብ የሚባል ነገር ሳይታሰብ፥ በቀን 100 ሊትር ይሆናል። ለአንድ ወር 3,000 ሊትር፥ ይኸውም 150 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ክብደቱ 30 ኩንታል ሲሆን፥ ይህ የሸክላው ማድጋና የቆዳው ስልቻ ክብደት ሳይጨመር ነው። ማድጋ ይሰበራል፤ ስልቻ ያንጠባጥባል፤ በፀሐይ የሞቀ ውኃም ቶሎ ይሸታል። ባለ መርከቡ ደግሞ ኑሮው በጭነት ላይ ነውና፥ ለውኃ የሚለቀው እያንዳንዱ ክንድ ቦታ ከንግዱ የሚቀነስ ነበር። ስለዚህ ብዙ መርከቦች ለጠቅላላው ጉዞ የሚበቃ ውኃ አይዙም፤ በመንገድ እንቀዳለን ብለው ይነሡ ነበር።

የምግቡ ነገር ከውኃው ይቀላል። የእኛ አባቶች ለሩቅ መንገድ በሶና ጭኮ፥ ቆሎና ድርቆሽ፥ ቋንጣም እንደሚሰንቁ፥ የሜዲትራንያን መርከበኞችም ሁለት ጊዜ የተጋገረ ደረቅ ዳቦ፥ ምስር፥ ተምር፥ በጨው የታሸ ዓሣ፥ የወይራ ዘይትና ወይን ይዘው ይወጡ ነበር። ደረቅ ዳቦ ግን ያለ ውኃ አይበላም፤ ምስርም ያለ ውኃና ያለ እንጨት አይበስልም። ማገዶም እንደ ውኃው ሁሉ ከየብስ የሚለመን ነበረ። አርኪዎሎጂ ስለዚህ ንግድ ብዙ አሳይቶናል። በግብጽ የቀይ ባሕር ዳር በነበረችው በበረኒቄ ወደብ በተደረገው ቁፋሮ፥ በአንድ የሕንድ ሠራሽ እንስራ ውስጥ ከ7 ኪሎ ግራም በላይ ቁንዶ በርበሬ ተገኝቷል። ከምጽዋ ፊት ለፊት ካሉት ደሴቶች አንዷ በሆነችው በአሳርካ አጠገብም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት የሰጠመች የጥንት መርከብ ተመርምራ፥ ዛሬ ዓቀባ በምትባለው በአይላ ይሠራ የነበረ ዓይነት ማድጋ ተገኝቶባታል። በአዱሊስና በአክሱምም ተመሳሳይ ማድጋዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። እንግዲህ የጢሮሱ ፈላስፋ የተጓዘው ሰው ባልረገጠው ባሕር ላይ ሳይሆን፥ ሰው ለንግድ በሚመላለስበት፥ ነገር ግን ለተጓዡ ምሕረት በማያደርግ መንገድ ላይ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን መመለሱ ነው። በሰሜኑ የቀይ ባሕር ክፍል ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። በደቡቡ ክፍል ደግሞ በክረምታችን ከሰሜን፥ ከጥቅምት እስከ ግንቦት አካባቢ ግን ከደቡብ ይነፍሳል። ስለዚህ ከግብጽ ወደ ደቡብ የሚወርድ መርከብ ነፋስ ከኋላው እየገፋው በደስታ ይወርዳል። ሲመለስ የደቡቡን ነፋስ ጠብቆ እስከ ባሕሩ እኩሌታ ይደርስና፥ ከዚያ በኋላ ከሰሜኑ ነፋስ ጋር እየታገለ፥ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ፥ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ኮራሉን ፈርቶ መልሕቅ እየጣለ ይሄዳል። በመሄጃው በአሥር ቀን ያለፈውን መንገድ ሲመለስ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አስቀድሞ የሚነግረው የለም። ማድጋዎቹ ባዶ የሚሆኑትም በዚህ ጊዜ ነው። ሩፊኖስም የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ ሜሮጵዮስ ሊያየው የፈለገውን ሁሉ አይቶ በመመለስ ላይ ሳለ፥ መርከቧ ውኃና ሌላም የሚያስፈልጋትን ነገር ልትይዝ ወደ አንድ ወደብ ገባች።

በዚያ ዳርቻ ወደብ መያዝ የሚያስፈራ መሆኑን መርከበኞች ከቀድሞ ጀምሮ ያውቁ ነበር። በ1ኛው መቶ ዓመት አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች በጻፈው የጉዞ መምሪያ ውስጥ፥ ከምጽዋ በስተ ደቡብ በዙላ ሰላጤ ስላለችው ስለ አዱሊስ ሲናገር፥ መርከቦች ቀድሞ ከየብሱ አጠገብ ባለች፥ በእግር ሊደረስባት በሚቻል ደሴት ዘንድ ይቆሙ እንደነበርና፥ የሀገሩ ሰዎች አደጋ ስለጣሉባቸው በእርሱ ጊዜ ራቅ ብላ ወደምትገኝ ተራራማ ደሴት እንደተዛወሩ ይተርካል። ስንቅ የጨረሰ መርከብ ግን ራቅ ብሎ መቆም አይችልም። ውኃው ያለው በየብስ ነው።

እንደ ሩፊኖስ አተራረክ፥ በዚያ ሀገር ከሮማውያን ጋር የተደረገው ውል ፈርሷል የሚል ወሬ ከጎረቤት ሲሰማ፥ በምድራቸው የተገኘውን የሮማ ሰው ሁሉ የመግደል ልማድ ነበረ። የሜሮጵዮስ መርከብ የደረሰችው በዚህ ክፉ ጊዜ ነው። ሩፊኖስ የሀገሩን ሰዎች አረመኔ ይላቸዋል፤ ይህ ቃል በዚያ ዘመን የሮማ ዜጋ ላልሆነ ሁሉ ይነገር ስለነበር ብዙ ልንቀየምበት አይገባም። የሚያሳዝነው ቃሉ ሳይሆን ድርጊቱ ነው። ፈላስፋው ከነመርከበኞቹ ተገደለ። ልጆቹ ግን በመርከቧ ላይ አልነበሩም። ታላላቆቹ ውኃና ስንቅ ለማግኘት ሲደክሙ፥ እነርሱ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። ገዳዮቹም አግኝተዋቸው ራሩላቸውና፥ ወደ ንጉሡ ወሰዱአቸው።

ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቀለም የሚቆጥር ልጅ ለእኛ እንግዳ ሥዕል አይደለም። የቆሎ ተማሪ ያደገበት፥ ብዙዎቹ የገጠር የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ዛሬ ድረስ የሚያስተምሩበት ቦታ ይህ ነው። ምናልባት የገደሉትን ሰዎች እጅ የያዘው፥ በልጆቹ ጉልበት ላይ የተዘረጋው መጽሐፍ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን የጸሐፊው ግምት ነው።

ከአዱሊስ እስከ አክሱም ያለው መንገድ በዚያው በተጠቀሰው የጉዞ መምሪያ መሠረት የስምንት ቀን ነበረ። ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ የሚያስወጣ ዳገት ነው። ሁለቱ ልጆች ከወገን ተለይተው፥ ቋንቋውን ሳያውቁ፥ ከለበሱት በቀር አንዳች ሳይዙ በንጉሡ ፊት ቆሙ። ይህ ንጉሥ የኤዛና አባት እለ አሚዳ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ንጉሡ ኤዴስዮስን የመጠጥ አሳላፊው አደረገው፤ ፍሬምናጦስን ግን አስተዋይና ብልህ መሆኑን አይቶ መዝገቡንና ጽሕፈቱን እንዲጠብቅ ሾመው።

የመዝገብ ቤት ሥራ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ለማወቅ ከንጉሥ ኤዛና የድንጋይ ጽሑፎች አንዱን ማየት ይበቃል። ጽሑፉ የተቀረጸው ንጉሡ ገና ክርስትናን ሳይቀበል ሲሆን፥ በግሪክኛ፥ በግዕዝና በሳባ ፊደል የቆመ ነው። በቤጃዎች ላይ ስለተደረገ ዘመቻ ይናገራል። ስድስት የቤጃ ነገሥታት ከ4,400 ሰዎቻቸው ጋር ተይዘው ወደ ሌላ ሀገር እንዲሰፍሩ ተወሰኑ፤ መንገዱ አራት ወር ፈጀ፤ በየቀኑ 22,000 እንጀራ፥ ከዚያም ሌላ ሥጋ፥ ጠላና ወይን ይሰጣቸው ነበር። በሰፈሩበትም ቦታ 25,140 ከብት ተከፋፈላቸው። 22,000 እንጀራ ለ4,400 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ አምስት ይደርሳል፤ ማካፈሉ ያለ ቀሪ መውጣቱ አንድ ሰው ብዕር ይዞ ተቀምጦ እንዳሰላው ያስረዳል። ያን ሒሳብ የሠራው ፍሬምናጦስ ነው አንልም። ነገር ግን ያ ቤተ መንግሥት በዚህ መልክ የሚቆጥር፥ የሚሰፍርና የሚመዘግብ ቤተ መንግሥት ነበረ፤ ጢሮሳዊው ወጣትም ያደገው በዚያ መዝገብ መካከል ነው። ውኃ አልቆባት ወደብ የያዘች መርከብ ያመጣችው ልጅ የአንድ መንግሥት ጎተራና ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነ።

ንጉሡ ሊሞት ሲል ለሁለቱ ወጣቶች ነጻነታቸውን ሰጣቸው። ወደ ጢሮስ ለመመለስ ምንም የሚከለክላቸው አልነበረም። ንግሥቲቱ ግን ልጅዋ ገና ሕፃን ነበረና፥ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዱአት ለመነቻቸው፤ ይልቁንም ፍሬምናጦስን ለመነችው፥ በመላው ግዛት ከእርሱ የበለጠ የምትታመነው ሰው አልነበረምና። እነርሱም እሺ ብለው ቀሩ። ከሕይወቱ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀን ክፍል ይህ ነው። ነጻ ሰው ሆኖ፥ መንገዱ ተከፍቶለት፥ የመምህሩን ደም ባፈሰሰች ሀገር በገዛ ፈቃዱ ተቀመጠ። በባርነት መቆየቱን የምናደንቅበት ምክንያት የለም፤ ግድ ነበረና። ፈቅዶ መቆየቱ ግን የራሱ ነው።

ሥልጣን በእጁ በሆነ ጊዜ ፍሬምናጦስ ያደረገውን ሩፊኖስ በአጭሩ ይተርካል። ለንግድ ከመጡት ሮማውያን መካከል ክርስቲያን የሆኑ አሉ ወይ ብሎ ይጠይቅ ጀመር። ባገኛቸውም ጊዜ በየስፍራው የጸሎት ቤት እንዲያበጁ ፈቃድ ሰጣቸው፤ እርሱም ራሱ አብሯቸው ይጸልይ ነበር። ቦታ መራቸው፤ ለሕንጻውም ሆነ ለአገልግሎቱ የሚያስፈልገውን አቀረበላቸው። አስተውሉ፤ ገና ካህን አይደለም፤ ስብከትም አልጀመረም። የመጀመሪያው ሥራው ስንቅ ማቅረብ ነበረ። እነዚያ ነጋዴዎች ወደብ ሲይዙ፥ ከውኃና ከእህል ሌላ የሚጸልዩበት ጣሪያ የሚያገኙባት ሀገር አደረጋት። የሜሮጵዮስ መርከብ በደረሰችበት ቀን በዚያ ዳርቻ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ፍሬምናጦስም ይህን ሳያስብ የቀረ አይመስለንም።

ንጉሡ ልጅ ለአቅመ መንግሥት ሲደርስ፥ ሁለቱም በአደራ የተቀበሉትን ሁሉ ቆጥረው አስረከቡና ተሰናበቱ። ንግሥቲቱና ልጅዋ ሊያስቀሯቸው ብዙ ደከሙ፤ በዚህ ጊዜ ግን እሺ አላሉም። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ፈጠነ። ፍሬምናጦስ ግን የእግዚአብሔርን ሥራ ደብቆ መያዝ አይገባም ብሎ ወደ እስክንድርያ አመራ።

ወደ እስክንድርያ ለመድረስ ያን ባሕር እንደገና መሻገር ነበረበት፤ ያንኑ ነፋስ፥ ያንኑ ኮራል፥ ያንኑ የውኃ ችግር። በበረኒቄ የሚወጣ መንገደኛ ደግሞ ከባሕሩ ሌላ የግብጽ በረሃ ይጠብቀዋል። ከበረኒቄ እስከ ናይል ዳር ከተማ እስከ ቆፕቶስ አሥራ ሁለት ቀን በግመል የሚኬድ ሲሆን፥ ከሙቀቱ የተነሣ ጉዞው አብዛኛውን በሌሊት ነበር፤ ማረፊያዎቹም የተመሠረቱት በውኃ ጉድጓዶች ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ናይልን ተከትሎ መውረድ ቀላል ነው።

በእስክንድርያ መንበር ላይ የነበረው ታላቁ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ፍሬምናጦስ የሆነውን ሁሉ ነገረውና፥ ተሰብስበው ላሉት ለብዙ ክርስቲያኖችና ለታነጹት አብያተ ክርስቲያናት የሚገባ ጳጳስ መርጦ እንዲልክ ለመነው። ለራሱ የጠየቀው ነገር አልነበረም። አትናቴዎስ ግን ነገሩን በካህናት ጉባኤ ካመዛዘነ በኋላ፥ ለዚህ ሥራ ከፍሬምናጦስ የተሻለ ሰው ከየትም አይገኝም ብሎ እርሱኑ ጳጳስ አድርጎ ሾመው፤ ወደ መጣበትም መለሰው። ይህ የሆነበትን ዘመን አንዳንድ ምሁራን አትናቴዎስ መንበሩን ከያዘበት ከ328 እ.ኤ.አ. ብዙም ሳይርቅ፥ ሌሎች ደግሞ ከ346 በኋላ ያደርጉታል።

አቡነ ሰላማ ወደ አክሱም ሲመለሱ፥ ንጉሥ ኤዛናን በልጅነቱ ያሳደጉት እርሳቸው ነበሩና እንደ እንግዳ ሰባኪ አልገቡም። ቤተ መንግሥቱን ያውቁታል፤ ቋንቋውን ያውቁታል፤ ሕዝቡም የአደራ ጠባቂነታቸውን ያውቃል። ውጤቱ በድንጋይና በብረት ተጽፎ እስከ ዛሬ ይታያል። በኤዛና የመጀመሪያ ገንዘቦች ላይ የነበረው የጨረቃና የክበብ ምልክት በኋለኞቹ ላይ ተለውጦ መስቀል ሆነ፤ መስቀልን ካተሙት የዓለም ገንዘቦች መካከል እነዚህ ከቀደሙት ወገን ናቸው። ለማሕረም ይቀርብ የነበረው የንጉሡ ምስጋና በኋለኞቹ የግዕዝ ጽሑፎች ላይ ለሰማይ ጌታ ሆነ፤ በአክሱም በተገኘ አንድ የግሪክኛ ጽሑፍ ላይም በአብ፥ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ያለው እምነት በግልጥ ተመስክሯል። ሕዝቡም ጳጳሱን አባ ሰላማ፥ የሰላም አባት፥ ከሣቴ ብርሃን፥ ብርሃንን ገላጭ ብሎ ሰየማቸው። የግዕዝ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ አናባቢ ምልክት ያገኘው በዚያው ዘመን አካባቢ ሲሆን፥ ይህንንም ትውፊት ከእርሳቸው ስም ጋር ያያይዘዋል።

ፈተናም አልቀረላቸውም። በዚያ ጊዜ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቆንስታንጥዮስ ሁለተኛ የአርዮስን ወገን ይደግፍ ነበር። አትናቴዎስን ከመንበሩ ካሳደደ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ356 አካባቢ ለኤዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ። ፍሬምናጦስ በእስክንድርያ በአትናቴዎስ ምትክ በተቀመጠው በጊዮርጊስ ፊት ቀርቦ እንዲመረመርና ሃይማኖቱን እንዲያስተካክል ወደ ግብጽ ይላክ ብሎ ጠየቀ። ደብዳቤውን ቅዱስ አትናቴዎስ ራሱ በጽሑፉ ውስጥ ስላቆየልን ዛሬም ይነበባል። የአክሱም ቤተ መንግሥት ግን ጳጳሱን አሳልፎ አልሰጠም። የቤተ ክርስቲያናችን መሠረት በኒቅያ ሃይማኖት ላይ የጸናው በዚህ ነው። ይህም የሆነው ከኬልቄዶን ጉባኤ (451) መቶ ዓመት ያህል በፊት ስለሆነ፥ አባ ሰላማ የካቶሊካውያንም የኦርቶዶክሳውያንም አባት ናቸው። በኅብረት የምናከብራቸው ቅዱሳን ሲቈጠሩ ከመጀመሪያው ረድፍ የሚቀመጡ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። አዲሲቱ ቤተ ክርስቲያን ራሷን ልትችል ያልቻለችበት ነገር ነበረ፤ ይኸውም ጳጳስ ነው። አባ ሰላማ በእስክንድርያ ከተሾሙ በኋላ ይህ ሥርዓት ሆኖ ጸና፤ ለአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመታት ያህል የኢትዮጵያ ጳጳስ ከግብጽ ይመጣ ነበር። ቅብዐ ሜሮንም እንዲሁ። አንዱ ጳጳስ ሲሞት፥ መልእክተኛ ወርቅና እጅ መንሻ ይዞ በዚያ በረሃና በዚያ ባሕር ይሄዳል፤ ሌላው ሲመጣ አንዳንድ ጊዜ ብዙ ዓመት ያልፋል፤ እስከዚያም ድረስ ዲያቆን የሚሾምም፥ ቄስ የሚሾምም አይኖርም። ቤተ ክርስቲያኒቱ በዚህ በኩል ማድጋዋን በሩቅ ሀገር እንደምትሞላ መርከብ ኖረች። ለዚህ አባ ሰላማን መውቀስ አይገባም፤ እርሳቸው የሄዱት አንድ ጳጳስ ለመለመን እንጂ ልማድ ለመትከል አልነበረም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳሳት አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። በእኛም በኩል የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊካውያን የራሳቸው ወገን የሆነ ጳጳስ፥ አቡነ ኪዳነ ማርያም ካሣን፥ ያገኙት በ1930 ሲሆን፥ የአዲስ አበባ መንበር የሜትሮፖሊታን መንበር ሆኖ አቡነ አሥራተ ማርያም የምሩ የተሾሙበት በ1961 ነው። በሀገር ልጅ ካህናት ማፍራት የሚለው ሥራ፥ እነ ቅዱስ ዮስጦስ ደ ያቆቢስ በ19ኛው መቶ ዓመት የደከሙበት፥ ከአባ ሰላማ ዘመን የቀረ ውዝፍ ሥራ ነበረ ማለት ይቻላል።

ኤዴስዮስስ? እርሱ ወደ ኢትዮጵያ አልተመለሰም። በጢሮስ ካህን ሆኖ ኖረ። ሩፊኖስ ያገኘው በእርሱ በኩል የሆነውን ነው፤ ስለ ወደቡ፥ ስለ ዛፉ፥ ስለ መጠጥ አሳላፊነቱ፥ ስለ ንግሥቲቱ ልመና ሁሉ የሰማነው ይህ ካህን ስለተናገረ ነው። ሩፊኖስም ታሪኩን ከተርታ ወሬ እንዳልወሰደው፥ ከኤዴስዮስ ከራሱ እንደሰማው አስረግጦ ጽፏል። ስለዚህ ስለ አባ ሰላማ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ወደ ቤቱ የተመለሰው ታናሽ ወንድም ያቆየልን ነው። ሁለቱም አብረው ወደ እስክንድርያ ሄደው ሁለቱም አብረው ወደ አክሱም ተመልሰው ቢሆን ኖሮ፥ ያች መርከብ ስለምን ወደብ እንደያዘች የሚነግረን ባልተገኘ ነበር።

የአባ ሰላማ ዕረፍት በስንክሳራችን የሚታሰበው ሐምሌ 26 ቀን ነው። በዚያ ወር በደጋው ዝናሙ ይወርዳል፥ ወንዞቹም ይሞላሉ፤ በቀይ ባሕር ዳር ግን በዓመቱ ውስጥ ሙቀቱ እጅግ የሚበረታበት፥ ጉድጓዶቹም ዝቅ የሚሉበት ጊዜ ነው።